የጎመኑ ብርድ ልብስ

ዘንድሮ ኅዳር ሚካኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በደባርቅ መናኸሪያ ጀርባ ባለው መንገድ መጣሁ። በየደጁ የተጠራቀመ ቆሻሻ ይጨሳል። የጨርቁም፣ የባሕር ዛፍ ቅጠሉም፣ የላስቲኩም ሽታ ተደባልቋል። ልጆች በጭሱ መካከል እየዘለሉ ይሯሯጣሉ፤ የባጃጅ ሾፌሮች አፍንጫቸውን በክንዳቸው ይዘው ያልፋሉ። አንድ ደጅ ላይ ስደርስ ግን ሽታው ተለየብኝ። የገብስ ገለባ ነበር። የገብስ ገለባ ሲቃጠል የተቆላ እህል ይሸታል፤ ትንሽም ይጣፍጣል።

ቆምኩ። አንዲት ሴት እሳቱን በእንጨት እያገላበጠች፣ "ምነው እህቴ፣ ጭሱ ዓይንሽን ነካው እንዴ?" አለችኝ።

"አይ" ብዬ አለፍኩ። ገለባ አይቃጠልም ልላት ፈልጌ ነበር። የማላውቀው ሰው ፊት መናገር ዛሬም ይከብደኛል። ቤቴ እስክደርስ ድረስ ግን ያ ሽታ ከነጠላዬ አልወጣም፤ እኔም አምስተኛ ክፍል ከነበርኩበት ዓመት አልወጣሁም።

ያን ዓመት ቤታችን ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን። አባቴ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ ነበር፤ ለገና ነው የሚመለሰው። እናቴ፣ እኔ፣ ደግሞም አባባ ውበቱ። አባባ ውበቱ የእናቴ አጎት ናቸው። ዕድሜያቸውን ከደባርቅ ተነሥተው በሰሜን ተራሮች ላይ እስካለው ጨነቅ በቅሎ እየነዱ የፈረንጅ ጓዝ ሲያመላልሱ ኖረው፣ ጉልበታቸው እምቢ ሲል በቅሏቸውን ሸጠው እኛ ዘንድ መጡ። ይዘው የመጡት አንድ ሳጥን፣ አንድ ከዘራና የበቅሏቸውን ብርድ ልብስ ነበር። በቅሏ ተሸጣ ብርድ ልብሷ ለምን እንደ ቀረ አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ "ገዥው በቅሎ ነው የገዛው" አሉኝ።

የቅዱስ ገብርኤል ማኅበርተኞች ዐሥራ ሁለት ነበሩ። እያንዳንዱ የራሱ ወር አለው፤ እናቴ የደረሳት ታኅሣሥ ነው። ታኅሣሥ ደግሞ ጾም ነው። ሌላው በወሩ ዶሮ ሲያርድ፣ ቅቤ ሲያነጥር፣ እናቴ ማኅበሯን የምታበላው ጎመንና ድንች ነው። ይህ ባልከፋ። የሚከፋው ውርጩ ነው። እኛ አገር ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ቀኑ ደስ የሚል ፀሐይ ይሆናል፤ ሌሊቱ ግን ቅጠል ያቃጥላል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ማኅበሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ጓሯችን እንዳለ ተመታ። ጎመኑ ሳይበስል የበሰለ መሰለ። እናቴ ገበያ ሮጣ ከቆላ መጥቶ ሁለት ቀን ያደረ፣ የጠወለገ ጎመን ገዝታ አቀረበች። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ድስቱን ገለጥ አድርገው አዩና፣

"ውይ ሙሉ፣ ጎመኑ ታሞ ነው እንዴ የመጣው?" አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴም አብራ ሳቀች። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ግን አንድ ሳህን ሦስት ጊዜ ስታጥብ አየኋት።

ስለዚህ በዚያ ዓመት ገና መስከረም ሳያልቅ እንዲህ አለች፦ "ዘንድሮ ለገብርኤል ጎመን ከገበያ አልገዛም። ከጓሮዬ ካልወጣ እንጀራውን በጨው አቀርባለሁ።" እናቴ ያለችውን የምታደርግ ሰው ናት። እንጀራ በጨው ስታቀርብ፣ እትዬ ዘውዴም ሲያዩ ታየኝ።

አባባ ውበቱ ጓሮው መግቢያ ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በከዘራቸው እያመለከቱ ያሠሩን ጀመር። ድንቹን ጥቅምት ላይ ቆፍረን አወጣን። ነጭ ሽንኩርቱን ጎንጉነን ሰቀልን። የደረቀ ፍግና አመድ ከአፈሩ ጋር ደባልቀን፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ በተከልነው ጎመን ሥር አለበስን። አራት መደብ ጎመን፣ ዳር ላይ ትንሽ ቀይ ሥር። የባሕር ዛፍ ቅጠል ሰብስቤ ባመጣ፣ "እሱን መልሺ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል መሬት አይወድም" ብለው አስመለሱኝ።

"እዚያ ጋ አልብሺ። አይ፣ እዚያ ጋ አይደለም፣ ወዲህ።"

"አንቱ አባባ፣ ከዘራዎት ሁለት ቦታ እኮ ነው የሚያሳየው።"

"ከዘራዬ አይደለም፣ እጄ ነው የሚንቀጠቀጠው። መካከሉን ያዥ።"

ከእሳቸው ጋር ስሆን ምላሴ ይፈታ ነበር። ትምህርት ቤት ግን ስም ሲጠራ "አቤት" የምለው እኔው ራሴ በማልሰማው ድምፅ ነው፤ መምህራችን ብዙ ቀን እዚያው ተቀምጬ ቀሪ ብለው ጽፈውኛል። ተነሥቼ አለሁ ከማለት ቀሪ መሆን ይሻለኝ ነበር።

አባባ ስለ ውርጭ የሚያወሩት ስለሚያውቁት ሰው እንደሚያወሩ ነው። "ውርጭ ከላይ ከጨነቅ ይነሣል። ሸንተረሩን ይዞ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሜዳ ሲያገኝ ይተኛል። ሲነጋ የነካውን በልቶ ይሄዳል" ይሉኛል። እኔ ይህን ስሰማ ውርጭ እንስሳ መሰለኝ። እንደ ጅብ ትልቅ፣ ቀለሙ ነጭ፣ እግሩ ድምፅ የሌለው። በጓሯችን ታችኛው አጥር በኩል ውሻ የሚሾልክበት ቀዳዳ ነበር። ይገባ የነበረው በዚያ ነው አልኩና አንድ ቅዳሜ ሙሉ እሾህ እየጎተትኩ ደፈንኩት። በእሾሁ ላይ ጭቃ፣ በጭቃው ላይ ድንጋይ። እጄ ደማ። ጨርሼ አባባን ጠርቼ አሳየኋቸው።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ውርጩ እንዳይገባ ነው።"

አባባ ሳል እስኪይዛቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና፣ "ባልዲውን ውሃ ሞልተሽ ከላይኛው መደብ ራስ ላይ ቀስ ብለሽ አፍስሺ" አሉኝ። አፈሰስኩ። ውሃው በመደቦቹ መካከል ባለው ቦይ ወርዶ፣ ወርዶ፣ እኔ የደፈንኩት አጥር ዘንድ ሲደርስ መሄጃ አጥቶ ተኛ። በታችኛው መደብ ያለው ጎመን እግሩን እስኪያጥለቀልቀው ድረስ ሞላ።

"አየሽ? ውርጭም እንዲህ ነው። ከላይ ሲመጣ አታስቀሪውም። እንዳይተኛ ግን መውጫ ትሰጭዋለሽ።"

የደፈንኩትን ብቻ ሳይሆን የታችኛውን አጥር ግማሽ አፈረስን። ፍየል እንዳያስገባ በቀጫጭን እንጨት ፍርግርግ ሠራንለት። እትዬ ዘውዴ በመንገድ ሲያልፉ ቆመው አዩን።

"ሰው በዚህ ጊዜ አጥሩን ያጥራል፤ እናንተ ታፈርሳላችሁ? ሌባ ጠርታችሁ ነው?"

"ሌባውማ በላይ በኩል ይገባል" አሉ አባባ። "እኛ መውጫውን እያሳየነው ነው።"

እትዬ ዘውዴ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። ስለ እኛ ጓሮ ያን ዕለት በየቤቱ ምን እንደ ተወራ ማወቅ አያዳግትም።

የቀረን የጎመኑ ብርድ ልብስ ነበር። አባባ ብርድ ልብስ የሚሉት ገለባ ነው። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ በየጎመኑ ላይ በስሱ ይለበሳል፣ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ይገለጣል። እናቴ ከቆፈርነው ድንች ለአንድ ገበሬ ሰጥታ በለውጡ አራት ማዳበሪያ ሙሉ የአምና ገለባ አገኘች። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ከአህያ ጭነት መንገድ ላይ የተራገፈውን እየለቀምኩ ጨመርኩበት። ከቤቱ ጀርባ ከግድግዳው ተጠግቶ እኔን የሚያህል ክምር ሆነ። ጥቅምት አልቆ ኅዳር ገብቶ ነበር፤ ብርዱ ገና አልጠናም። አባባ ማታ ማታ ወደ ሰማይ ያዩና፣ "ዛሬ ደመና አለ፣ አይመጣም" ይላሉ። እኔም ከጎናቸው ቆሜ እንደሚገባኝ ሁሉ ቀና ብዬ አያለሁ። አንድ ቀን ደግሞ፣ "ገለባ የሌለው ሰው ጭስ ያጨስበታል። ጭስም ውርጭ ይከለክላል" አሉኝ። ይህችን ቃል በልቤ ያዝኳት።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። በዚያ ዕለት አገሩ ሁሉ ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን ያጥናል፤ በሽታ ከጭሱ ጋር ይወጣል ይባላል። እናቴና አባባ ለንግሥ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እናቴ፣ "ትርንጎ፣ ጓሮውን ጥረጊና አጥኚ" ብላኝ ወጣች።

ጠረግሁ። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የድንች ግንድ፣ አሮጌ ጫማ ሰብስቤ ለኮስኩ። ጭሱ ቀጭን ሆነ። ከአጥር ባሻገር የክፍሌ ልጆች የማን ጭስ እንደሚበልጥ እየተጯጯሁ ይወራረዳሉ። ወደ እኛ ቤት አንዷ ጣቷን ቀስራ፣ "የእነ ትርንጎ ሲጋራ ነው የሚመስል" ስትል ሰማኋት። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ጭስ ውርጭ ይከለክላል፤ አባባ ብለዋል። የኅዳር ጭስ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በሽታን ያባርራል፤ ሁሉም ይላል። በሽታን ያህል ነገር ያባረረ ጭስ ውርጭ ያቅተዋል? በየማታው ከማልበስ፣ በየጠዋቱ ከመግለጥ፣ ለሚካኤል ዕለት አንድ ጊዜ በደንብ ማጠን ይሻላል አልኩ። በአሥራ አንድ ዓመቴ ይህን ያህል ብልህ ሆኜ አላውቅም ነበር።

ገለባውን በእቅፍ በእቅፍ እያመጣሁ ጨመርኩት። አራቱንም ማዳበሪያ። ጭሱ እንደ ዋርካ ግንድ ወፍሮ ቆመ። ከአጥር ባሻገር ያሉት ልጆች ውርርዳቸውን ተዉ። ከመንገዱ ሁሉ የኛ በለጠ። ክምሩ የነበረበትን ቦታ እንኳ ጠርጌ አሳመርኩትና ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ምስጋናዬን መጠበቅ ጀመርኩ።

እናቴ ከበሩ ስትገባ አየሩን አሸተተች። "ምን ምን ይላል?" አለችና በቀጥታ ወደ ጓሮ ዞረች። ተከትያት ሄድኩ።

"ገለባው የት አለ?"

ወደ ሰማይ አመለከትኩ።

እናቴ የቀናውን ጣቴን ተከትላ አየች። ከዚያ እዚያው ምድር ላይ ቁጭ አለች። አባባ ከኋላ እያነከሱ ደረሱና ነገሩ ገባቸው። እኔ ግን እየፈጠንኩ ጭሱ ለዓመት እንደሚበቃ፣ ከእንግዲህ ማልበስ እንደማያስፈልግ አስረዳኋቸው።

"ጭስ ውርጭ ይከለክላል ያላት ማን ነው?" አለች እናቴ።

"እኔ ነኝ" አሉ አባባ በዝግታ። ወደ እኔ ዞሩ። "ጭስ እኮ የሚጠብቀው እላዩ ላይ እስካለ ድረስ ነው፣ ትርንጎ። ይሄ ያንቺ ጭስ አሁን ዳባት ደርሷል።"

እናቴ አልመታችኝም። ብትመታኝ ይቀለኝ ነበር። ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና፣ "ለገብርኤል አምስት ሳምንት አለ" ብላ ብቻ ገባች። የማኅበሩን ቀን በጣቴ ቆጠርኩ፤ ሰማዩን አየሁ። አንድም ደመና አልነበረም።

ወሩ የአጨዳና የውቂያ ስለ ሆነ አገሩ ገለባ በገለባ ነበር፤ ግን ገለባ የከብት ቀለብ ነው፣ በነጻ የሚሰጥ የለም። ለለውጥ የሚሆን ድንችም አልቀረንም። እናቴ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ እትዬ ዘውዴ ቤት ሄደች፤ እኔም ከኋላዋ።

"ገለባ? ለጎመን?" አሉ እትዬ ዘውዴ። "ላሞቼ ራቁታቸውን እያደሩ ያንቺ ጎመን ይልበስ? ከርሞ ደግሞ ጫማ ትለምኚለታለሽ።"

ማታ አባባ ከዘራቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ "ሞላ ዘንድሮ ገብሱን እየወቃ ነው" አሉ። አያ ሞላ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ በስተ ግራ ያለ ገበሬ ነው። ገለባውን በእፍኝ የሚሰፍር ይባላል። "እኔ እንዳልሄድ ጉልበቴ አያደርሰኝም። እናትሽ እንዳትሄድ፣ ሞላ ሴት አውድማዬን አትረግጥም የሚል ሰው ነው። አንቺ ገና ልጅ ነሽ። ያጠፋሽውም አንቺ ነሽ። ሂጂ።"

በማግስቱ ገመድና ማዳበሪያ ይዤ ወጣሁ። አባባ የምለውን አስጠንተውኛል፦ "ጤና ይስጥልኝ አያ ሞላ፣ አባባ ውበቱ ልከውኝ ነው፣ ለጓሯችን ትንሽ ገለባ ቢሰጡን።" መንገዱን ሙሉ አልኩት። አውቶቡስ ሲያልፍ ጮክ ብዬ አልኩት፤ ማንም አይሰማኝማ። አውድማው ከሩቅ ሲታየኝ ግን ቃሎቹ አንድ በአንድ እየወደቁ ሄዱ።

በሬዎቹ ተፈትተዋል። አያ ሞላና ሁለት ጎልማሳ ልጆቹ የነጠረውን ገብስ መካከል ላይ ከምረው በቁና ይሰፍራሉ። አንዱ ይሰፍራል፣ አንዱ ጆንያ ይይዛል። ማንም አይናገርም። የሚሰማው የእህሉ መፍሰስ ብቻ ነው። አውድማው ዳር ስደርስ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገብቶ ይወጋኝ ስለ ነበር አወለቅኩት። አንድ እግሬ ባዶ ሆኖ መቆም አሳፈረኝና ሌላውንም አወለቅኩ። ሰላም ልል አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። አያ ሞላ ቀና ብሎ አየኝ። መሬት መሬት አየሁ። ተመልሶ ወደ ሥራው ጎነበሰ።

እዚያ ምን ያህል እንደ ቆምኩ አላውቅም። ጥላዬ ከግራዬ ወደ ፊቴ ዞረ። ልሩጥ ብል እናቴ ምድር ላይ ቁጭ ስትል ትታየኛለች። ልናገር ብል ያጠናሁት ጠፍቶኛል። በመጨረሻ የመጨረሻው ጆንያ ታሰረ። አያ ሞላ አማተበ፣ እጁን አራገፈ፣ ወደ እኔ መጣ።

"የማን ልጅ ነሽ?"

የገመዱን ጫፍ በጣቴ ጠመጠምኩ።

"ምን ፈለግሽ?"

ገመዱንና ማዳበሪያውን ከፍ አደረግሁ።

"ገለባ? ለከብት?"

አይደለም ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

"ታዲያ ለምንድን ነው?"

"ለጎመን" አልኩ። ያን ሁሉ መንገድ ካጠናሁት የተረፈኝ ይህ ብቻ ነበር።

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። አያ ሞላ ግን አልሳቀም። "እንግዲያስ የውበቱ ናት" አለ። "ይህ የላይኛው አገር ሰው ብልሃት ነው።" ከዚያ ባዶ እግሬን አየና ወደ ልጆቹ ዞረ። "ሳቁ እናንተ። ትናንት አንድ ትልቅ ሰው ከነጫማው አውድማዬ ገብቶ፣ እህል እየተሰፈረ 'ስንት ሆነ፣ ስንት ሆነ' እያለ በረከቴን ሲያባርር ዋለ። ይህች ሕፃን ግን ጫማዋን አውልቃ፣ አፏን ይዛ፣ ተሰፍሮ እስኪያልቅ ቆመች። ያሳደጋት ይባረክ።"

ስለ ጠጠሩ ልነግረው ይገባ ነበር። ዝም ያልኩትም ፈርቼ እንጂ ወጉን አውቄ አልነበረም። ግን እሱንም ለመናገር አፍ ያስፈልጋል። ዝምታዬ እንደዚያ ቀን ጠቅሞኝ አያውቅም።

"ደኅናውን ለከብቶቼ ነው የምተወው" አለ አያ ሞላ። "በሬ የማይበላውን ሻካራውን፣ ከነእብቁ ውሰጂ። ውቂያው እስኪያልቅ ድረስ ከትምህርት ቤት ስትወጪ ነይ። የምትችይውን ያህል።"

የምችለውን ያህል ወሰድኩ። ስምንት ቀን ሙሉ ተመላለስኩ። በጀርባዬ ተሸክሜ ከኋላዬ የሚያየኝ ሰው እግር ያበቀለ ክምር ነው የሚያይ። አንገቴን እብቅ በላኝ፤ ፀጉሬ ውስጥ የገባው በሹሩባዬ መካከል እያበራ ክፍል ድረስ ይከተለኛል። ልጆቹ "ገለባ" የሚል ስም አወጡልኝ። እትዬ ዘውዴም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ "የጎመኑ ልብስ ሰፊ መጣች" ይላሉ። አልመለስኩላቸውም፤ ከዚያ ሁሉ ጭነት በታች ሆኖ መልስ መስጠትም አይመችም።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ወደ ማታ ነፋሱ ቀጥ አለ። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ጠራ። አባባ አፍንጫቸውን ወደ ላይ አድርገው ቆዩና፣ "ዛሬ ሰማዩ ራቁቱን ነው" አሉ። "ዛሬ ይወርዳል። አልብሱ።"

ሦስታችንም ወጣን። እናቴ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው፤ አባባ በከዘራቸው የሳሳውን እያሳዩን። ሦስቱን መደብ ጨረስን። አራተኛው ላይ ገለባው ከመጨረሻው ረድፍ በፊት አለቀ። ፀሐይዋ ገብታ ነበር። እናቴ አሮጌ ቀሚሷን አምጥታ ዘረጋች፤ ግማሹን እንኳ አልሸፈነም። አባባ ገቡና የበቅሏቸውን ብርድ ልብስ ይዘው ወጡ።

"አንቱ፣ ጉልበትዎትን በምን ሊሸፍኑ ነው?" አለች እናቴ።

"እኔ የማድረው ቤት ውስጥ ነው፣ ሙሉ። ውጭ የሚያድረው ጎመኑ ነው።"

ዘረጉት። በእጃቸው ጠፍ ጠፍ አደረጉት፤ በቅሏንም እንዲያ ያደርጓት እንደ ነበር አሰብኩ።

ጠዋት በሩን ስከፍት ምድሩ ነጭ ነበር። ድንጋዩ፣ አጥሩ፣ ገለባው፣ የበቅሎዋ ብርድ ልብስ፤ በሁሉም ላይ አመዳይ እንደ ደቀቀ ጨው ተነስንሷል። ስረግጠው ይንኮሻኮሻል። ልገልጥ ስሮጥ አባባ በከዘራቸው መንገዴን ዘጉኝ።

"አትንኪ። ፀሐይ እላዩ ላይ ትቁም መጀመሪያ። ከብርድ ወጥቶ ድንገት ፀሐይ የመታው ነው የሚሞት።"

ትምህርት ቤት ቀረሁ፤ ያን ቀን እንኳ እውነቴን ነበር ቀሪ የተባልኩ። ፀሐይዋ ከጎረቤት ጣራ ላይ ወርዳ፣ አጥሩን አልፋ፣ በመደቦቹ ላይ አንድ በአንድ እስክትደርስ ሦስታችንም ቆመን ጠበቅናት። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች። አመዳዩ ቀልጦ መንጠብጠብ ሲጀምር አባባ ከዘራቸውን አነሡ።

"በይ።"

ጎንበስ ብዬ የመጀመሪያውን ገለባ ገለጥኩ። ሙቀት ፊቴን ነካኝ፤ ቀጭን እንፋሎት ወጣ። ከሥሩ ጎመኑ ነበር። አረንጓዴ፣ ቀጥ ያለ፣ ጠል ያዘለ። ሁለተኛውን ገለጥኩ። ሦስተኛውን። ከዚያ እናቴ ተቀላቀለችኝና እየተሯሯጥን ገለጥን። በብርድ ልብሱ ሥር ያለው ረድፍ ከሁሉ ይበልጥ አምሮ ነበር። የሞተው በፈረሰው አጥር አጠገብ ያለ አንድ እግር ብቻ ነው። አባባ እሱን አይተው፣ "ሲወጣ ረገጠው" አሉ።

እኩለ ቀን ሳይሆን የመንገዱ ጓሮ ሁሉ ጠቁሮ ታየ። የእትዬ ዘውዴ ጎመን የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስል ነበር። ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም አፈርኩ፤ ግን ደስታው በለጠ።

ከዚያ እስከ ገብርኤል በየማታው አለበስን፣ በየጠዋቱ ገለጥን። ውርጩ ስድስት ጊዜ ወረደ። አንዱንም ጊዜ እንቅልፍ አላታለለኝም።

ታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት እናቴ ቢላዋውን ለእኔ ሰጠችኝ። አራቱን መደብ ቆረጥኩ። ማኅበርተኞቹ ከቅዳሴ መጥተው፣ ቄሱ ጸሎት አድርሰው፣ ጠበሉን ከቀመሱ በኋላ ማዕዱ ቀረበ። እኔ ሰው መካከል መግባት ስለማልችል ጓዳ ሆኜ በግድግዳው ስንጥቅ ነው የምሰማው።

መጀመሪያ የሚሰማኝ የሚያኝክ አፍ ብቻ ነበር። ከዚያ ቄሱ፣ "ይህ ጎመን ከየት የመጣ ነው? እዚህ አገር በዚህ ሰሞን ጎመን አለ እንዴ?" አሉ።

"ከጓሮ ነው፣ አባ" አለች እናቴ።

"ከማን ጓሮ?"

"ከራሴ።"

"ውርጩስ?" ያሉት እትዬ ዘውዴ ናቸው።

"ውርጩማ መጥቶ ነበር" አለች እናቴ። "ትርንጎ ሸኘችው።"

ስሜ ከትምህርት ቤት ውጭ ያን ያህል ሰው ባለበት ጮክ ተብሎ ሲጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። አልወጣሁም፤ ግን ጆሮዬን ከስንጥቁ አላነሣሁም። ድስቱ ይዞራል፣ "ትንሽ ጨምሪልኝ" ይባላል። እትዬ ዘውዴ ሦስት ጊዜ አስጨመሩ፤ ቆጥሬያለሁ። ሦስተኛው ላይ እናቴ ጭልፋውን ሞልታ፣ "ኧረ ይብሉ እትዬ፣ ይኸ ጤነኛ ነው" ስትላቸው ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የእትዬ ዘውዴ ሳቅ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር። ሲወጡም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ጓሮ ዞሩ። በጓዳው መስኮት አየኋቸው። ጎንበስ ብለው የተቆረጠውን ጉቶ በጣታቸው ነኩ፤ ገለባውን ገልጠው አፈሩን ዳሰሱ፤ ቀጥሎ ወደ ፈረሰው አጥር ሄደው ከዚያ ሆነው ቁልቁለቱን ረዥም ጊዜ ተመለከቱ።

እንግዳው ሁሉ ሲሸኝ ሦስታችን ቀረን። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስንም። እናቴ እንጀራ ዘረጋችና ድስቱን አንሥታ አየችው። ዘቀዘቀችው። ቂጡን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። አንዲት የጎመን አገዳ እንጀራው ላይ ጠብ አለች።

ሦስታችንም አየናት። መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። ከአራት መደብ ጎመን ለእኛ የቀረችን ያቺ ብቻ እንደ ነበረች ሳስብ ዛሬም ደስ ይለኛል። አባባ ውበቱ ሰንጢያቸውን ከኪሳቸው አወጡና፣ አገዳዋን በጥንቃቄ ሦስት ቦታ ከፈሏት። ትልቋን ለእኔ ገፋ አደረጉልኝ።

"ብዪ እንግዲህ" አሉኝ።